የቁልፉ ቀኝ እጅ

ሰኞ፣ የካቲት 4

ለዘመድ ወዳጅ በሙሉ፦ ለስድስት ቀናት ከጓደኛው ተለይቶ የቆየው ቡናማ ካልሲዬ ዛሬ ረፋድ ላይ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ በሙሉ ጤንነት መገኘቱን በታላቅ ደስታ አበስራለሁ። የፍለጋው ቡድን አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እኔ። ልጄ ግን ምሥራቹን ከመስማቷ እግሬን አየችና፣ "አባዬ፣ ይሄኛው ጥቁር ነው። ያኛው ቡናማ ነው። ጥቁሩ ደግሞ የኔ ነው" አለችኝ።

"አምፖሉ ነው" አልኳት። የዚህ ቤት አምፖሎች ጉልበታቸውን ጨርሰዋል።

ሌላ ዜና፣ ከካልሲው አነስ ያለ፦ የልጅ ልጄ ሁለት ሻንጣና አንድ ቦርሳ ሙሉ ታኬታ ተሸክሞ ወደ ድሮ ክፍሉ ገባ። "ለጥቂት ሳምንት ነው አባባ፤ ጸጥታ ፈልጌ ነው" አለኝ። እኔ ባለሁበት ቤት ጸጥታ የሚፈልግ ሰው ጭንቅላቱን መታየት አለበት። እናቱ አንዲት ጥያቄ ሳትጠይቅ አንሶላ ቀየረችለት። እሷ ሳትጠይቅ ከቀረች ነገሩ ከባድ ነው።

ይህን ደብተር ድንገት የሚያነብ ሰው እንዳይቸገር ልንገረው። ልጁ የእግር ኳስ ተጫዋች ነው፤ የመሃል ተከላካይ። አሥራ ሦስት ዓመት ለአንድ ክለብ ተሰልፏል። ደጋፊው "ቁልፉ" ይለዋል፤ በእሱ በኩል በር አይከፈትማ። ይለው ነበር ብል ይሻላል። ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ለእኔ ገና ሕፃን፣ ለኳስ ግን ሽማግሌ። ክለቡ ከመጨረሻ ሦስተኛ ነው፤ የሚወርዱትም ሦስት ናቸው። የእሱ ውልም ከውድድር ዓመቱ ጋር ያልቃል። ስለ አዲስ ውል ሲጠይቃቸው "እናያለን" አሉት። እኔም ልጄን ስለ ዓይን ሐኪም ቀጠሮዬ "እናያለን" ካልኳት ስምንት ወር ሆነኝ። ስለዚህ የቃሉን ትርጉም አሳምሬ አውቀዋለሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት 6

ፀጉሬን ልስተካከል ሄድኩ። የሚስተካከለው ከጆሮዬ በላይ የቀረው ብቻ ነው፤ ወሬው ግን ለመላጣም ለጎፈሬም እኩል ይታደላል። ፀጉር አስተካካዩ ጎረቤታችን ነው፤ አንድም ጨዋታ አያመልጠውም።

"አባት፣ ያ የእርስዎ ልጅ እሑድ ዕለት ጥያቄ ነበረው እንዴ?" አለኝ።

"የምን ጥያቄ?"

"እጁን አውጥቶ ቆሞ ነበራ! አጥቂው አልፎት ሄደ፣ አገባ፣ ጨፈረ፣ ተመለሰ። እሱ እጁን ገና አላወረደም። መምህሩ አላየው ይሆናል።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። ጥሩ ቀልድ ነው፤ የቆጨኝ እኔ ቀድሜ ስላልተናገርኩት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተከላካዮች ተሰልፈው ድንገት ወደ ፊት ይወጡና አጥቂውን ከኋላቸው ብቻውን ያስቀሩታል። አጥቂው ከጨዋታ ውጭ ይሆናል፣ የመስመር ዳኛውም ባንዲራውን ያነሳል። የእኛው ሰው በዚህ የተመሰገነ ነው። ግን ወደ ፊት ከወጣ በኋላ አይሮጥም። ቀኝ እጁን ያነሳና ወደ መስመር ዳኛው ያያል። ባንዲራው ከተነሳ ሊቅ ነው፤ ካልተነሳ ሐውልት ነው። ድሮ እግሩ ፈጣን ስለነበር እጁን አንስቶም ሮጦ ይደርስ ነበር። አሁን አይደርስም።

"ይቺን አመል ግን ከማን ተማራት?" አለ ፀጉር አስተካካዩ።

"ከአሰልጣኞቹ ይሆናል" አልኩት። አንገቴ ላይ ምላጭ ስለነበር አልተንቀሳቀስኩም።

እሑድ፣ የካቲት 17

ተሸነፉ። አንድ ለባዶ። እጅ።

ቴሌቪዥኑም እየደከመ ነው። ልጄ ታያለች፣ እኔ እሰማለሁ። "ኳሱ የት ደረሰ?" ስላት "ፊትህ አይደል እንዴ!" ትላለች። ፊቴማ ነው። ቴሌቪዥኑ ነው እንጂ።

እሑድ፣ መጋቢት 1

ፀጉር አስተካካዩ ደግፎኝ ሜዳ ሄድኩ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ልጃችን እጁን አነሳ። እሱ ሲያነሳ በእኛ በኩል ያለው ሕዝብ በሙሉ እጁን አነሳ! የራሱ ደጋፊ እኮ ነው። "መምህር! መምህር! እኔ ልመልስ!" ይላሉ። ከኋላዬ አንዱ፣ "ሽንቱ መጥቶ ነው፣ ፍቀዱለት!" ብሎ ጮኸ። ፀጉር አስተካካዩም እጁን አንስቶ ነበር። እኔ አጠገቡ መሆኔ ትዝ ሲለው ያነሳውን እጅ ሳያወርድ ራሱን አከከበት። ጨዋ ሰው ነው።

ባንዲራው አልተነሳም። ሁለት ለአንድ ተሸነፉ።

እራት ላይ ላዋዛው ብዬ፣ "ዛሬ ስንቱ ሰው ነው ሰላም ያለህ!" አልኩት። ሹካውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

"እርስዎ ከተዝናኑ ጥሩ ነው" አለኝ።

ይህ ልጅ አፉን ከፈታ ጀምሮ የሚለኝ "አንተ" ነው። "እርስዎ" ያለኝ ዕለት ተቀይሟል ማለት ነው። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለኝ የዛሬ ስድስት ዓመት፣ ወደ ቤት ላመጣት ወዳጁ ገንዳ ውስጥ የተነሳውን የሕፃንነት ፎቶግራፉን ያሳየኋት ቀን ነው። ልጅቷ ስቃ ነበር። ሁለተኛ ግን አልመጣችም።

ምላሴን ቆርጬ ብጥለው ምን አለ። ግን ያለ ምላስ ምን ሠርቼ እውላለሁ?

ሐሙስ፣ መጋቢት 12

ከአሰላለፍ ወጣ። ተቀያሪ ወንበር። አሰልጣኙ "ትንሽ ዕረፍት ውሰድ" አለው አሉ። እኔ አልጠየቅኩም፤ እሱም አልነገረኝም፤ እናቱ ነገረችኝ።

ጓሮ ወጥቶ ግድግዳውን በኳስ ደበደበው። ሁለት ሰዓት ሙሉ። ጎረቤት ቢያማርር የምለማመደው እኔ ነኝ እላለሁ።

እሑድ፣ መጋቢት 22

ልጄ ጽሕፈቴን በትከሻዬ በኩል አየችና፣ "አባዬ፣ ፊደሎችህ ምን በልተው ነው እንዲህ የወፈሩት?" አለች። "ለትውልድ እንዲነበብ ነው" አልኳት። በአንድ መስመር አራት ቃል ብቻ እየገባልኝ ነው። የዘንድሮ ደብተር ደግሞ መስመሩን አቅጥነውታል።

ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ እስቲ ልጻፈው።

ሃያ ሁለት ዓመት እሑድ እሑድ የመስመር ዳኛ ነበርኩ። በሥራ ቀን ፖስታ ቤት ደብዳቤ እለይ ነበር። ሁለቱም የዓይን ሥራ ነው። ተሳስቼ አላውቅም አልልም፤ ተሳስተሃል ብሎ ያሳመነኝ ግን የለም።

የልጁ አባት ሻንጣውን ይዞ በሄደ ዓመት ልጁ ሰባት ዓመቱ ነበር። መናገር ተወ። መሳቅማ ጭራሽ። እኔ ምን አውቃለሁ? የማውቀው ባንዲራ ማንሳት ነው። መጥረጊያ እንጨት ላይ ቢጫ የአቧራ ጨርቅ አሰርኩና ጓሮ ወጣን። እናቱ አጥቂ፣ እሱ ተከላካይ፣ እኔ ዳኛ። ኳሱ ሲመታ ወደ ፊት ይወጣል፣ ቀኝ እጁን ያነሳል፣ ወደ እኔ ያያል። ባንዲራዬን አነሳለሁ። ያኔ ይስቃል። በዚያ ዓመት የሚስቀው ያኔ ብቻ ነበር።

ታዲያ በእርግጥ ከጨዋታ ውጭ ነበር ወይ? አንዳንዴ። ግማሹን ጊዜ። እሺ፣ ግማሽ እንኳ አይሞላም።

ለዛሬ ይብቃኝ። አምፖሉ አስቸገረኝ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 9

መድኃኒት አገኘሁለት። ያንን ቢጫ ጨርቅ ከዕቃ ሳጥኑ ውስጥ በዳሰሳ አወጣሁና በመቀስ ለሁለት ከፈልኩት። በየመዳፉ አንዳንድ ቁራጭ አስያዝኩት።

"ጨብጣቸው። እጅህ ልነሳ ልነሳ ሲል የበለጠ ጨብጥና ሩጥ። ከእንግዲህ ባንዲራው ያንተ ነው፤ ከማንም አትጠብቅ" አልኩት።

"አባባ፣ አሥራ ሦስት ዓመት የተጫወትኩ ሰው ነኝ።"

"ስለዚህ አሥራ ሦስት ደቂቃ አያቅትህም።"

አጥቂ ስላልነበረን እናቱን ከወጥ ቤት ጠራናት። ሽርጧን እንዳደረገች፣ አንድ ጫማዋ ነጠላ ጫማ፣ አንዱ የእኔ ቦቲ ሆኖ መጣች። ኳሱን ከላይ ለቀቅኩላት። ልጁ ወደ ፊት ወጣ፤ እጁ ተነሳ፤ ጨርቁ ወደቀ። እናቱ ገመድ ላይ በተሰጡት ልብሶች መሃል አልፋ ገንዳው ውስጥ አገባችው።

"ይሄን ነው ቁልፍ የሚሉት?" አለች እያለከለከች። "ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ደግሞ ሽንኩርት እሳት ላይ ጥጄ ነው የመጣሁት!"

ሦስታችንም ሳቅን። እሱም ሳቀ። ያን ሳቅ አውቀዋለሁ። ታዲያ እዚያው ላይ ብናቆም ምን ነበረበት?

"አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያኔ ስታነሳልኝ እውነትህን ነበር?" አለኝ።

እናቱ "ሽንኩርቴ!" ብላ ገባች። ያረረ ሽንኩርት ግን አልሸተተም።

"አንዳንዱ እውነት ነው" አልኩት።

"ስንቱ?"

"ከሦስት አንዱ።"

"ከሦስት አንዱ ውሸት?"

"ከሦስት አንዱ እውነት።"

ሁለቱን ቁራጭ ጨርቅ የጓሮው ድንጋይ ላይ አስቀመጠ። "ደህና ይደሩ" አለኝና ገባ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 11

አያናግረኝም። ጨው አቀብለኝ ስለው ለእናቱ ይሰጣታል፤ እሷ ለእኔ ትሰጠኛለች። በዚህ ዓይነት ጨዋታ ኳሱ ለእኔ የሚደርሰው ወጡ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ እጁን ሲያነሳ የሚያየው እኔን ነበር ማለት ነው? ተወው። ይህን አልጻፍኩም።

እሑድ፣ ሚያዝያ 20

አቻ ወጡ። እሱ ሲቀመጥ ዋለ።

ድንጋዩ ላይ የነበሩት ጨርቆች የሉም። ነፋስ ወስዷቸው ይሆናል። ነፋስ እንኳ አልነበረም፤ ግን ይሆናል።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 24

በወጥ ቤቱ በር በኩል በአጋጣሚ ሳልፍ፣ በአጋጣሚ ሩብ ሰዓት ያህል ቆምኩ።

"እሱ እኮ አያይም" አለች ልጄ።

"ማን?"

"አባዬ። ትናንት ስኳር ብሎ ጨው ሻዩ ውስጥ ጨመረ። እንዳይታወቅበት ብሎ ጥርግ አድርጎ ጠጣው።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"አንተ ከመምጣትህ በፊት። ሐኪም ዘንድ እንሂድ ስለው አምፖል ግዢ ይለኛል። ሰባት አምፖል ቀይሬያለሁ።"

ከዚያ እሱ፣ "ታዲያ ሜዳ መጥቶ ምን ያያል?" አለ።

"እኔ ምን አውቄ! ጠይቀው።"

ስለ ሌላ ሽማግሌ ይሆናል የሚያወሩት። በዚህ ሰፈር ሽማግሌ ሞልቷል። ሻዩም ቢሆን ያን ያህል መጥፎ አልነበረም።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 25

ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ተገናኘን። ቁልቁል አየኝና፣ "አባባ፣ ካልሲህ ተለያይቷል" አለኝ። "ካልሲዎ" አላለኝም። ቀኑን ሙሉ አልቀየርኩትም።

እሑድ፣ ግንቦት 11

አንድ ጨዋታ ቀረ። አቻ ከወጡ ይተርፋሉ። ከተሸነፉ ይወርዳሉ። እሱ አሁንም ተቀያሪ ነው። ወርደው ከቀሩ የሚታወሰው በዚያች እጁ ነው። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ የዘጋውን በር ማንም አይቆጥርለትም።

ምሳ አልበላሁም። ይህንንስ በአምፖል አላመካኝም።

እሑድ፣ ግንቦት 18

ከሜዳ እንደተመለስኩ ካፖርቴን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው፤ ፊደሎቹ ቢሰክሩ አይፈረድባቸው።

አንድ ለአንድ ነበሩ። በስልሳ ሦስተኛው ደቂቃ ከመሃል ተከላካዮቹ አንዱ ጅማቱን ይዞ ወደቀ፤ አሰልጣኙም ሌላ ሰው አልነበረውም። ልጃችን ተነሳ። ወደ ሜዳው ሊገባ መስመሩ ላይ ሲቆም ወደ እኛ ዞረ፤ በግራ ዓይኑ ጠቀሰኝ። በግልጽ አየሁት። ከንፈሩን እንኳ ወደ አንድ ጎን ሸሸት አድርጎት ነበር፤ ልክ በልጅነቱ ብስኩት ሰርቆ ሲያልፍ እንደሚያደርገው።

ከዚያ በሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ ኳስ ከሁሉም አናት በላይ መጣች። የእኛ ተከላካዮች ወደ ፊት ወጡ፤ አጥቂው ከኋላቸው ቀረ። ሦስቱ እጃቸውን አነሱ። አዩ ይሄን ጉድ! ልጁ እኮ ለቡድኑ ሁሉ አስተምሯቸዋል። ሕዝቡም ለቀልዱ እጁን አነሳ። "መምህር!" ሊል አፉን የከፈተው ሁሉ ግን እንደከፈተ ቀረ። ቁልፉ እጁን አላነሳም። ሁለት ቡጢውን ጨብጦ እየሮጠ ነበር። ወደ ባንዲራው አላየም። ባንዲራው ደግሞ አልተነሳም።

አጥቂው ግብ ጠባቂውን አለፈው፤ ወደ ባዶው መረብ መታ። ልጁ ተንሸራቶ ከመስመሩ ላይ በግራ እግሩ ጠረጋት፤ እሱ ራሱ መረቡ ውስጥ ገብቶ ተጠቀለለ። "ኳሷ ወጣች፣ ልጁ ገባ!" እያለ ፀጉር አስተካካዩ ጆሮዬ ላይ ይጮሃል። የተነሳው እጅ ሁሉ እንደተነሳ ቆየና ጭብጨባ ሆነ።

ተረፉ።

ፊሽካው ሲነፋ ቡጢውን ከፈተ አሉ። "ቢጫ ነገር ከእጁ ወደቀ፤ ምንድነው? ፋሻ ነው?" አለኝ ፀጉር አስተካካዩ።

"ፋሻ ነው" አልኩት። አፍንጫዬ ውስጥ አቧራ ገብቶ ነበር።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 20

ቢሮ ጠርተው አመሰገኑት። እዚያ ቢሮ ምስጋና ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። አዲስ ውል የለም። የግድግዳ ሰዓት ሰጡት። ለሠላሳ ሁለት ዓመት ተከላካይ ሰዓት! ከእነሱ በላይ ቀልደኛ ነኝ ብዬ አላስብም።

ደግሞ ለታዳጊዎቹ ተከላካይነት አስተምርልን ብለውታል።

"ምን አልካቸው?"

"እናያለን አልኳቸው።"

"ከየት የመጣ ንግግር ነው!" አልኩት።

"አንተ ሐሙስ ዓይንህን ከታየህ እኔ ዓርብ እሺ እላቸዋለሁ። አንተ ከቀረህ እኔም እቀራለሁ።"

ሰዓቱን ሰቀለው። ስንት ሰዓት እንደሚል አላየሁም፤ ግን ድምፁ ደስ ይላል።

ዓርብ፣ ግንቦት 23

ትናንት ሐኪሟ "ግድግዳው ላይ ያሉትን ፊደሎች ያንብቡልኝ" አለችኝ። "የትኛው ግድግዳ?" አልኳት። የዓይን ሞራ ነው፤ ይገፈፋል አለች። በዚህም የቤታችን አምፖሎች፣ ቴሌቪዥኑና የደብተር ፋብሪካዎች ሁሉ በነጻ ተሰናብተዋል። ልጄ መኪና ውስጥ እጄን ይዛ ነበር፤ ምናልባት ልዘል መስሏት።

ዛሬ ልጁ ክለቡ ጋ ደውሎ እሺ አላቸው።

እንግዲህ እኔም እዳዬን ልናዘዝ። እዚህ ደብተር ውስጥ የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው፤ አንዲት ነገር ግን ፈጥሬያለሁ። ጥቅሻዋን። ያን ቀን ከተቀመጥኩበት ጥቅሻ ቀርቶ ሃያ ሁለቱ ሰዎች አረንጓዴ ላይ የተደፋ ቀለም ነበሩ። ሩጫውንም፣ መንሸራተቱንም በፀጉር አስተካካዩ አፍ ነው ያየሁት። ጥቅሻዋን ግን እሱም አልነገረኝም፤ ከራሴ አመጣኋት።

ፈጥሬም አላረፍኩ። ዛሬ ቁርስ ላይ ልጁን፣ "እሑድ ስትገባ የጠቀስከኝን እኮ አየሁት" አልኩት።

ማንኪያው ትንሽ ቆመ።

"አየህ አይደል?" አለኝ። "ሁለቴ ነው የጠቀስኩህ። አንዷ ብታመልጥህ ብዬ።"

ከሰዓት በኋላ ፀጉር ቤት ሄድኩ። ምላጩ አንገቴ ላይ እያለ ነገሩን አነሳሁበት።

"ጥቅሻ?" አለ። "አባት፣ የተቀያሪዎቹ ወንበር እኮ ያኛው ወገን ነው። ልጁ ሲገባ ሙሉ ጀርባውን ሰጥቶን ነበር።"

አንዷን ጥቅሻ እኔ ፈጠርኩ፤ ሁለተኛዋን እሱ ጨመረልኝ። ያልነበረውን እንደነበረ አድርጎ ባንዲራ ማንሳት ከማን እንደተማረ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ሳቄ ግን አመለጠኝ።

"አይሳቁ አባት!" አለ ፀጉር አስተካካዩ። "ምላጭ እኮ ነው የያዝኩት!"